አዲስ አፓርታማ ከመረከብ በፊት በባለሙያ ማስመርመር፦ ለመካከለኛው አዲስ አበባ ገዢዎች

በካዛንቺስ፣ በልደታ፣ በሰንጋ ተራ ወይም በፒያሳ አካባቢ አፓርታማ ገዝቶ ዓመታት የጠበቀ ሰው "ቤትዎ ደርሷል፣ መጥተው ይረከቡ" የሚል ስልክ ሲደወልለት እግሩ መሬት አይነካም። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ ሴራሚኩ ያብረቀርቃል፣ አብረው የመጡት ዘመዶች "እንኳን ለዚህ አበቃችሁ" እያሉ ይመርቃሉ፣ የሽያጭ ሠራተኛውም የርክክብ ቅጹን ዘርግቶ ብዕር ያቀብላል። በዚያች ሰዓት "ቆይ፣ መሐንዲስ አምጥቼ ላስመርምር" ማለት ለብዙዎች ሠርግ ቤት ገብቶ ሒሳብ እንደ መጠየቅ ያለ ነውር ይመስላል።

በሥራዬ ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ "አዲስ ቤት ደግሞ ምኑ ይመረመራል?" የሚል ነው። እንደ እኔ አስተያየት ይበልጥ ምርመራ የሚያስፈልገው አዲሱ ነው። አሮጌ ቤት ጉድለቱን መደበቅ አይችልም፤ ያፈሰሰበት ኮርኒስ ቢጫ ክብ ይዞ ይታያል፣ የሰመጠው ወለል በሩን አላዘጋ ይላል፣ የሚያንሰው የኤሌክትሪክ መስመር ሶኬቱን አጥቁሮት ይገኛል። አዲሱ ቤት ግን አንድም ክረምት አላሳለፈም፣ በቧንቧው ውስጥ ውሃ ቆሞበት አላደረም፣ ምጣድና ቦይለር በአንድ ጊዜ አልተሰካበትም። ቀለም ከተቀባ ወር ያልሞላው ግድግዳ ስለ ውስጡ የሚናገረው ነገር የለም። ስለዚህ የምርመራው ሥራ ቤቱ በሁለትና በሦስት ዓመት ኑሮ የሚገልጠውን ነገር በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ እንዲገልጥ ማስገደድ ነው፤ ይህም መደረግ ያለበት የርክክቡ ቅጽ ሳይፈረም ነው። ፊርማው እስኪያርፍ ድረስ ፈላጊው አልሚው፣ ማለትም ሕንፃውን አስገንብቶ የሚሸጠው ድርጅት፣ ነው፤ ካረፈ በኋላ ግን ቢሮ ለቢሮ የሚመላለሱት እርስዎ ነዎት።

ሕንፃው መሐንዲስ አልነበረውም ወይ?

ነበረው። በ 2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከመሬት ወለል ከ 12 ሜትር በላይ የሚረዝሙትን በጣም ጥብቅ በሆነው በምድብ ሐ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ በመካከለኛው ከተማ የሚሸጡት አፓርታማዎች ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ውስጥ የሚወድቁ ናቸው። የግንባታ ፈቃድ ሰጪው አካል ተቆጣጣሪ ሥራው ደረጃ በደረጃ ሲሄድ ያያል፣ አማካሪው ድርጅት በየቀኑ ይከታተላል፣ ተቋራጩም የራሱ ሳይት መሐንዲስና ፎርማን አለው።

ይሁን እንጂ እያንዳንዳቸው የሚያዩት ሌላ ነገር ነው። የመንግሥቱ ተቆጣጣሪ የሚያረጋግጠው ሕንፃው ከጸደቀው ፕላን ጋር መስማማቱንና ለሕዝብ ደኅንነት አስጊ አለመሆኑን ነው፤ በ 9ኛው ፎቅ ያለው የእርስዎ መታጠቢያ ቤት ወለል ወደ ማፍሰሻው ይዘንብል ወይም ወደ መኝታ ቤቱ ይዘንብል አይለካም። አማካሪው የተቀጠረው በአልሚው ነው፣ ደመወዙም ከአልሚው ነው የሚመጣው፤ ይህን የምለው ታማኝነቱን ለመጠራጠር ሳይሆን ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ለማስታወስ ነው። ፎርማኑ ደግሞ የገዛ ሥራውን ነው የሚፈርደው። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ለገዢው ብቻ የቆመ ዓይን የለም፣ እርስዎ ካላመጡት በቀር።

ጉድለቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅም የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል። የሕንፃው አጥንት፣ ማለትም ምሰሶው (ኮለኑ)፣ አግዳሚ ተሸካሚው (ቢሙ) እና የፎቁ ኮንክሪት ወለል (ስላቡ)፣ ብዙ ዓይን ያረፈበት ሥራ ነው። የፊኒሺንጉ ሥራ ግን ለልዩ ልዩ ቡድኖች በካሬ ሒሳብ ይሰጣል፤ ለሳኙ፣ ሴራሚክ አንጣፊው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ኤሌክትሪሺያኑና አልሙኒየም ገጣሚው እየተከታተሉ ይገባሉ፣ የኋለኛው የፊተኛውን ሥራ ይሸፍናል። ቧንቧው በግፊት ሳይፈተሽ ሴራሚክ ከተነጠፈበት፣ ወይም የመታጠቢያ ቤቱ የውሃ መከላከያ ሽፋን ሳይደርቅ አሸዋና ሲሚንቶ ከተደፋበት፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያየውም። በየዕቃው የዋጋ ንረት ምክንያት ሥራው ሲቆምና ሲነሣ የቆየ ሕንፃ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት የተገዛው ቱቦና በመጨረሻው ዓመት የተገዛው መገጣጠሚያ ከልዩ ልዩ አምራች የመጡ ሆነው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ባለሙያውን መምረጥ

በእኛ ከተማ "የቤት መርማሪ" ተብሎ ራሱን ችሎ የቆመ ሙያ ገና ሥር አልሰደደም፤ ስለዚህ የሚፈልጉት ሰው የሙያ ምዝገባ ያለው የሲቪል መሐንዲስ ሲሆን፣ ከእርሱ ጋር የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሥራ የሚያውቅ ሰው ቢጨመር ምርመራው ይሟላል። ዘመድ የሆነ መሐንዲስ በእንግድነት መጥቶ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ "ጥሩ ነው" ማለቱ ምርመራ አይባልም። ሻጩ ያመጣልዎትን ባለሙያም በአክብሮት ይለፉት። በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ ክፍያው ቁርጥ ይሁን፣ ሪፖርቱም ከፎቶግራፍ ጋር፣ እያንዳንዱ ጉድለት በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው ግድግዳ ላይ እንዳለ የሚጠቅስና በፊርማ የተረጋገጠ እንዲሆን ይስማሙ። መርማሪው "የጥገናውንም ሥራ እኔው እሠራለሁ" ካለ ሌላ ሰው መፈለግ ይሻላል፤ ጉድለት ባበዛ ቁጥር ሥራ የሚያገኝ ሰው ሚዛኑ ይዛባል።

ይዞት የሚመጣው መሣሪያም ስለ ባለሙያው ይናገራል። ቱምቢና ውሃ ልክ፣ የሌዘር ሜትር፣ የሶኬትና የኧርዝ (ያመለጠን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) መፈተሻ፣ የግድግዳ እርጥበት መለኪያ፣ የውሃ ግፊት መለኪያና ጠንካራ የእጅ ባትሪ ቢያንስ ያስፈልጋሉ። አንዳንዶች የኮንክሪት ጥንካሬ የሚለካውን መዶሻ ይዘው መጥተው ገዢውን ያስደንቃሉ፤ ይህ መሣሪያ ግን የሚለካው የኮንክሪቱን የላይኛውን ገጽ ብቻ ስለሆነ፣ ልስን በተለሰነ ኮለን ላይ ቢመቱት የሚገኘው ቁጥር ትርጉም የለውም። ስለ ኮንክሪቱ ከተጨነቁ የተሻለው መንገድ እያንዳንዱ ስላብ ሲሞላ ተወስደው በ 28ኛው ቀን በላቦራቶሪ የተሰበሩትን የናሙና ኪዩቦች ውጤት ከአልሚው መጠየቅ ነው። ውጤቱ ካለ ለማሳየት አይከብድም፤ ከሌለም አለመኖሩ ራሱ በሪፖርቱ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ነው።

ከቀጠሮው በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ

ውሃና መብራት። ይህ ቀላል ቢመስልም በከተማችን ምርመራውን ከሁሉ ይበልጥ የሚያበላሸው ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር በርክክቡ ቀን ቧንቧው ደርቆ መገኘቱ አያስገርምም፤ መብራቱም ብዙ ጊዜ ለግንባታው ሥራ ከገባው ጊዜያዊ መስመር የተቀጠለ እንጂ ሕንፃው ወደፊት የሚጠቀምበት ቋሚ መስመር አይደለም። ውሃ በሌለበት የቧንቧ ምርመራ፣ ኃይል በሌለበት የኤሌክትሪክ ምርመራ የለም። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ የጣሪያው ሮቶ እንዲሞላ፣ ፓምፑ እንዲሠራና የቤትዎ ቆጣሪ በስምዎ ወይም በሕንፃው ስም ገብቶ እንዲጠብቅ በጽሑፍ ይጠይቁ። ትራንስፎርመሩ ገና አልተተከለም ከተባሉ ቤቱ አላለቀም ማለት ነው፤ ርክክቡም ቢቆይ ይሻላል።

ከዚሁ ጋር የሽያጭ ውሉን፣ በውሉ ላይ የተያያዘውን የፊኒሺንግ ዝርዝር፣ በተግባር የተሠራውን የሚያሳየውን የመጨረሻ ፕላንና የሕንፃውን የመጠቀሚያ ፈቃድ ኮፒ ለመርማሪው አስቀድመው ይስጡ። በውሉ ላይ "አንደኛ ደረጃ ሴራሚክ" የሚል ቃል ካለ መርማሪው ምንም ሊያደርግበት አይችልም፤ የአምራቹ ስምና መጠኑ ካለ ግን ሊያመሳክር ይችላል። ውል ገና ያልፈረመ አንባቢ ካለ፣ "ገዢ ከርክክብ በፊት በራሱ ባለሙያ ቤቱን የማስመርመር መብት አለው" የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በውሉ ውስጥ እንዲገባ ዛሬውኑ ቢጠይቅ ከብዙ ክርክር ይድናል።

ውሃ

ለምርመራው ከተመደበው ጊዜ ግማሹ ለውሃ ቢሰጥ አይበዛም። በመጀመሪያ መታጠቢያ ቤቱ ይፈተናል፦ የወለሉ ማፍሰሻ በጥንቃቄ ይደፈንና ወለሉ ላይ ከ 3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውሃ ተሞልቶ ለ 24 ሰዓት ይተኛል። በማግሥቱ የሚታየው የእርስዎ ወለል ሳይሆን የታችኛው ቤት ኮርኒስ ነው። ከርክክብ በፊት ማስመርመርን ከሁሉ በላይ የሚያስገድደው አንድ ተግባራዊ ምክንያት ይህ ነው፤ የታችኛው ቤት ገና በአልሚው እጅ ሳለ ቁልፉን አስከፍቶ መግባት ቀላል ሲሆን፣ ሰው ከገባበትና ጂፕሰም ካስወረደበት በኋላ ግን "ኮርኒስህ ላይ ውሃ ላንጠባጥብና ልይ" ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት የለም። በረንዳውም እንዲሁ ይፈተን፤ የበረንዳ ውሃ ወደ ሳሎን የሚገባው ብዙ ጊዜ በበሩ ደፍ ሥር ነው።

ውሃው ከተለቀቀ በኋላ በየት እንደሚሄድ ይታያል። ወለሉ በየ 1 ሜትሩ ከ 1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ማፍሰሻው ሊያዘነብል ይገባል፤ በማዕዘን የሚቆም ኩሬ ካለ ሴራሚኩ ተነሥቶ እንደገና መነጠፍ አለበት እንጂ በሲልከን የሚጠገን ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ በመካከለኛው ከተማ በሚገኝ አንድ ሕንፃ ላይ ባደረግሁት ምርመራ የሻወሩ ውሃ በሙሉ ወደ በሩ ሲፈስ አይተን፣ የሳይቱ ኃላፊ በጣም በእርጋታ "ደፍ እንሠራለታለን" አለ፤ በዚያ ምክር ቢሄዱ ኖሮ ቤቱ በሩ ላይ ግድብ ያለው መታጠቢያ ቤት ይኖረው ነበር።

ግፊቱም ይለካል። ውሃ በየ 10 ሜትር ቁልቁለት 1 ባር ያህል ግፊት ያገኛል፤ ስለዚህ ሮቶው ከጣሪያው 3 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠበት ሕንፃ በመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚሰጠው 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው፣ ለሻወርም ሆነ ለግድግዳ የውሃ ማሞቂያ የማይበቃ። በተቃራኒው 12 ፎቅ ዝቅ ብሎ ያለው ቤት ግፊት መቀነሻ ካልተገጠመለት መገጣጠሚያው ይጨነቃል፣ የሽንት ቤቱ ተንሳፋፊ ቶሎ ይበላሻል። የሲንኩና የወለሉ ሲፎኖች፣ ማለትም ሽታ የሚያግዱት የታጠፉ ቱቦዎች፣ ውሃ መያዛቸውን፣ ሦስት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ተከፍቶ ሽንት ቤቱ ሲለቀቅ ከሲፎኑ ጉርጉርታ አለመሰማቱን ይመልከቱ፤ ጉርጉርታው የአየር ማስወጫ ቱቦው ጠባብ ወይም የተዘጋ ለመሆኑ ምልክት ነው፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም ሽታ ሆኖ ይመለሳል።

ስንጥቅ

ገዢን በጣም የሚያስደነግጠውም፣ አልሚው በጣም አቅልሎ የሚያልፈውም ስንጥቅ ነው፤ ሁለቱም ወገኖች በየጊዜው ይሳሳታሉ። በብሎኬት ግድግዳና በኮለን ወይም በቢም መገናኛ ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፀጉር መሰል መስመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች በሙቀትና በቅዝቃዜ እኩል ባለመለጠጣቸው የሚመጣ ነው፤ ከልስኑ በፊት መገናኛው ላይ ወንፊት ሽቦ ቢወጠር ኖሮ ባልታየ ነበር፣ ሕንፃውን ግን አይጥልም። በልስን ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነው ደግሞ ልስኑ ቶሎ ከመድረቁ የመጣ ነው፤ በበጋ ውሃ በሌለበት ሳይት የተለሰነ ግድግዳ ሁሉ ይህ አለበት። የሚያሳስበው ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ፣ በብሎኬቱ መገጣጠሚያ ደረጃ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ፣ ወይም በራሱ በቢሙና በኮለኑ አካል ላይ የሚታይ ስንጥቅ ነው። ስፋቱ ከ 0.3 ሚሊ ሜትር ያለፈ ከሆነ መርማሪው ጫፎቹን በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀን ይጽፍበታል፤ ከወር በኋላ ምልክቱን አልፎ ከሄደ ጉዳዩ ወደ ስትራክቸር መሐንዲስ ይሄዳል።

ከተማው የቆመበት መሬት ይህን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዲስ አበባ በስምጥ ሸለቆው ትከሻ ላይ ናት፤ የፍልውሃ ሙቅ ውሃ ራሱ ከሥራችን ያለው ድንጋይ ስንጥቅ ያለው ለመሆኑ ምስክር ነው። በ 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተከታተሉት ርዕደ መሬቶች በከተማችን ረጃጅም ፎቆች ላይ መሰማታቸውን የማያስታውስ የለም። ከዚያ በፊት ተገንብቶ አሁን ርክክብ ላይ የደረሰ ሕንፃ ከሆነ፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ በመሐንዲስ ታይቶ እንደሆነና የተጻፈ ነገር ካለ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በአዲስ ቀለም ሥር የተሞላ ስንጥቅ ካለ መርማሪው በባትሪ ብርሃን ግድግዳውን በጎን ሲያበራው ጎልቶ ይታየዋል። ዋልካ አፈር ባለባቸው ሠፈሮች ደግሞ አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚጨማደድ፣ የምድር ቤት ወለልና የግቢ አጥር ቀድመው የሚሰነጠቁ ናቸው።

መብራትና ቀሪው

ለኤሌክትሪክ ሥራ ከምጣድ የተሻለ ፈታኝ አላውቅም። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ያህል ይስባል፣ በ 220 ቮልት ሲሰላም ወደ 16 አምፔር ይሆናል፤ ስለዚህ ለራሱ የተለየ መስመርና ብሬከር ያስፈልገዋል። ምጣዱ፣ ቦይለሩና ምድጃው በአንድ ጊዜ ለግማሽ ሰዓት ይለኮሱ፤ መርማሪው በሶኬቱ ላይ ቮልቱ ምን ያህል እንደወረደ፣ በፓኔሉም ውስጥ የትኛው ሽቦ እንደሞቀ ይለካል። ከዚያ የእያንዳንዱ ሶኬት ኧርዝ በእርግጥ መሬት መድረሱ ይፈተሻል። ሦስተኛ ቀዳዳ ያለው ሶኬት ተገጥሞ ከኋላው ሽቦ የሌለው ሆኖ መገኘቱ ከጉድለቶች ሁሉ በጣም የማልታገሰው ነው፤ በመታጠቢያ ቤት ቦይለር ላይ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነውና። ለዚሁ ክፍል 30 ሚሊ አምፔር ሲያመልጥ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ከሌለ በሪፖርቱ የመጀመሪያ ገጽ ይጻፍ።

ሴራሚኩ በሳንቲም እየተመታ ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ይለያል። በርና መስኮት ተከፍቶ ይዘጋል፣ የአልሙኒየሙ ዙሪያ ሲልከን ይታያል፣ የበረንዳ መከላከያው ከ 1 ሜትር አለማነሱና በፍርግርጉ መካከል የሕፃን ጭንቅላት አለማለፉ ይለካል። ስፋቱም ይለካ፦ በውሉ ላይ 95 ካሬ የተባለው ቤት ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲለካ ብዙ ሊያንስ ይችላል፣ ኮሪደር፣ ደረጃና ሊፍት ከድርሻዎ ጋር ተደምሮ ሲሸጥ ቆይቷልና፤ ውሉ የትኛውን እንደሚል አንብበው ይከራከሩ።

የጋራ መጠቀሚያውን ማየት ብዙዎች ይረሱታል። በ 1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 መሠረት የጋራ የሆነው ክፍል የሁሉም ነው፣ ጥገናውም ከሁሉም ኪስ ነው የሚወጣው። መርማሪው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የውሃ መከላከያውን ይይ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ 2,300 ሜትር በላይ ባለ ከተማ ፀሐይዋ ያልተሸፈነ ሜምብሬንን በጥቂት ዓመት ታሰነጥቀዋለች። ከዚያ ወደ ምድር በታች ይውረድ፤ በፍልውሃና በባንቲይቀጡ አቅራቢያ ባሉ ሕንፃዎች የፓርኪንግ ግድግዳ ላይ የሚታይ ነጭ ጨው መሰል ዱቄት የከርሰ ምድር ውሃ እየገባ ለመሆኑ ማስረጃ ነው፣ ፓምፑም መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር የሚነሣ መሆኑ ይሞከር።

ሪፖርቱን መጠቀም

ሪፖርቱ ሲደርስዎ ጉድለቶቹን በሁለት ይከፍሏቸዋል። ርክክቡን የሚያስቆሙ አሉ፦ የሚያፈስ መታጠቢያ ቤት፣ ኧርዝ የሌለው መስመር፣ አጠራጣሪ ስንጥቅ፣ የሌለ የመጠቀሚያ ፈቃድ። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ የተጫረ በር ወይም ባዶ ድምፅ የሚሰጥ አንድ ሴራሚክ፣ ቁልፍ ከተረከቡ በኋላም ሊስተካከሉ ይችላሉ። ሪፖርቱን ከደብዳቤ ጋር ለአልሚው አስገብተው በኮፒው ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ፤ የቃል "እሺ" በሽያጭ ቢሮው ውስጥ ዕድሜው ሠራተኛው ሥራ እስኪለቅ ድረስ ብቻ ነው። የግድ መፈረም ካለብዎት "በተያያዘው የጉድለት ዝርዝር መሠረት፣ በዚህ ቀን እንዲጠናቀቅ" የሚለውን በእጅዎ ጽፈው ይፈርሙ፤ "ቤቱን በሙሉ ጤንነት ተረክቤያለሁ" የሚለውን የታተመ መስመርም ይሰርዙ። ከቀሪው ክፍያ ላይ የተወሰነው ጥገናው እስኪያልቅ እንዲቆይ ውሉ የሚፈቅድ ከሆነ ይጠቀሙበት።

ሕጉም ለተጻፈ ነገር ያደላል። የ 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሽያጭ በሚናገርበት ክፍል ገዢው የተረከበውን ነገር ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጭ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። በአንቀጽ 3039 ደግሞ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ደኅንነት ለ 10 ዓመት ዋስ መሆኑን፣ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውልም እንደማይጸና ይደነግጋል። ይህ አንቀጽ የተጻፈው በአሠሪና በተቋራጭ መካከል ላለ ውል ስለሆነ፣ ከአልሚ የገዛ ሰው ተመሳሳይ ዋስትና በራሱ የሽያጭ ውል ውስጥ እንዲገባለት ከጠበቃው ጋር ቢመክር ይሻላል።

ጥገናው ተጠናቋል ሲባሉ ያው ባለሙያ ተመልሶ እያንዳንዱን ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር እያመሳከረ ይይ፤ መታጠቢያ ቤቱም እንደገና ለ 24 ሰዓት በውሃ ይተኛ። ርክክቡ በበጋ ከሆነ ደግሞ አልሚው የሰጠው የዋስትና ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ የመጀመሪያውን ክረምት ማካተቱን ያስተውሉና ለነሐሴ አጋማሽ፣ ጣሪያውም አፈሩም ውሃ በጠገበበት ወቅት፣ የመጨረሻውን ቀጠሮ ከመርማሪው ጋር ከወዲሁ ይያዙ።